የዓድዋን ፈረሰኛ ሰገሌ ላይ ረስተነዋል

የካቲት 23 ሲደርስ ፈረስ ይጫናል፣ ጎፈር ይደፋል፣ ከተማው በሽለላ ይናወጣል። ደስ ይላል። እኔም አልቀርም። ግን ሁሌ ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከዓድዋ በሕይወት የተመለሱት ሰዎች ኋላ ምን ሆኑ?

አንዳንዱ አርጅቶ አልጋው ላይ ሞቷል። አንዳንዱ ደግሞ ሰገሌ ላይ ቀርቷል፤ በወንድሙ ጥይት።

ለማያስታውስ ባጭሩ ልንገር። መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ገሰገሱ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስም እዚያው ወደቁ። ከመስቀል ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከሚመራው የሸዋ ጦር ጋር ሰገሌ ላይ ገጠሙ። በአንድ ቀን አለቀ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይተው አረፉ።

እኔ በተማርኩበት ክፍል ታሪኩ እዚህ ላይ ይዘጋል። ማን ነገሠ፣ ማን ታሰረ፣ ደወል ተደወለ።

እስቲ አንዱን ወታደር አስቡት። በ1888 የ20 ዓመት ጎረምሳ ነው። የወሎ ፈረሰኛ። በራስ ሚካኤል (ኋላ ንጉሥ በሆኑት) ሥር ሆኖ የጣሊያኑን ጄኔራል የዳቦርሚዳን ጦር አሳዷል። በ1909 ዕድሜው 41 ገብቷል፣ ጺሙ ሸብቷል። ያው ጌታው ክተት ሲሉ በሶውን ቋጥሮ፣ ውጅግራውን ወልውሎ ወጣ። ማዶ የቆመው የሸዋ ሰውም ዓድዋ ዘምቷል። ያኔ ከአንድ ምንጭ ቀድተው ይሆናል። አሁን በመሀላቸው መትረየስ አለ። ስለ ኢያሱ ወይም ስለ ተፈሪ ምን እንደሚያስብ የጠየቀው የለም።

የካቲት ላይ አባቴ፣ አያቴ እያልን እንፎክርበታለን። ጥቅምት ላይ ግን ትዝም አይለንም። ሰውየው ያው ነው እኮ።

«የእርስ በርስ ጦርነት ምኑ ይከበራል?» ይለኛል አንድ ወዳጄ። እውነት አለው። ለሰገሌ ፈረስ ጭኖ መፎከር ነውር ነው። የእኔ ነገር ወደ ሙሾው ያደላል።

አሜሪካኖች ይህን ሞክረውታል። ሰሜንና ደቡብ ተከፍለው በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነታቸው፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1863፣ ጌቲስበርግ ላይ በ3 ቀን ውስጥ 50 ሺህ ገደማ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ ወይም ጠፋ። በዚያው ዓመት የተመረቀው መካነ መቃብር የሰሜኖቹ ብቻ ነበር። በ50ኛው ዓመት ግን፣ በ1913፣ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሽማግሌ ዘማቾች ከሁለቱም ወገን ተሰበሰቡ። ያኔ በተዋደቁበት የድንጋይ ካብ ላይ ተጨባበጡ። ፎቶውን ሳይ ሆዴ ይባባል። ሆኖም ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው በባርነት ምክንያት መሆኑ በመጨባበጡ መሀል ተድበሰበሰ። ሟቹ ሲከበር ጥፋቱ አብሮ ታጠበ። ዋጋውን ጥቁሮቹ ከፈሉት።

ስለዚህ ሰገሌ ላይ ድንጋይ የሚተከል ከሆነ ሁለቱም ነገር ይጻፍበት። ወሎዬውም ሸዌውም፣ ቶራ መስክ የወደቀውም። ከሥሩ ደግሞ ጠቡ ምን እንደነበር። የዙፋን ጠብ ነበር፤ ኢያሱ ሰልመዋል በሚል ክስ የተጠቀለለ። ጥቅምት 17 ቀን ፍትሐትም ዱዓም ይደረግ። ባለሥልጣን ንግግር ባያደርግ ደስ ይለኛል።

ጥቅምት መቼም ከብዶናል። በ2013 ጥቅምት 24 የጀመረው ጦርነት በ2015 ጥቅምት 23 ፕሪቶሪያ ላይ ነው በስምምነት የቆመው። ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው። ትግራይ ውስጥ ስንቱ ቤተሰብ የልጁን መርዶ በይፋ የሰማው ገና በ2016 ነው። በሌላውም ወገን ልጇን ዛሬም በር በሩን እያየች የምትጠብቅ እናት አለች።

ለሰገሌው ሰው እናት መርዶ ነጋሪ ማን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት በቅሎውን እየጎተተ የተመለሰ ጎረቤት ይሆናል።