ባለቤቴ ዋሾ አይደለም

አንድ ሐሙስ ባለቤቴን እዚሁ ጅማ ሂርማታ ገበያ ላክሁት፤ ከሰል፣ ሽንኩርትና ሳሙና እንዲገዛ። ሦስት ሰዓት ላይ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ። በእጁ የያዘው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ብቻ ነበር። ከሰሉስ ስለው «የለም አሉኝ» አለ። ሐሙስ ቀን ሂርማታ ከሰል ሲጠፋ አይቼ አላውቅም! ጠቡ ከረረ፤ ሽማግሌዎች ተጠሩ። እሱን «አትዋሽ»፣ እኔን «ቻይው፣ ትዳር መቻል ነው» ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ተነሡ።

ሽማግሌዎቹን አልወቅስም። ምክራቸው የሚሠራው ግን እየቻለ ላላደረገ ሰው ነው። ባለቤቴ አእምሮው የተጎዳው ገና ሳይወለድ፣ በማሕፀን ሳለ በደረሰው አልኮል ነው። ሕክምናው ኤፍ.ኤ.ኤስ.ዲ. ይለዋል። የሲያትል ሐኪሞች ለጉዳቱ ከባድ መልክ ስም የሰጡት በ1966 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ግን ስሙን የሰማነው ባለቤቴ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ጉዳቱ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ምንም ምልክት የለም፤ ንግግራቸው የተቃና ነው። የሚቸግራቸው ጊዜን መገመት፣ ገንዘብ ማብቃቃት፣ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ፣ ከትናንቱ ስህተት ለዛሬ መማር ነው። አፉ ሲቀና እጁም ይቀናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ታዲያ ሰነፍ ወይም ዋሾ ይለዋል። ውሸት ለማታለል ታስቦ የሚነገር ነው። እሱ ግን የጠፋበትን ትዝታ አእምሮው በመሰለው ነገር ሲሞላለት፣ የሚናገረውን ራሱም ያምነዋል።

ስለዚህ መቻሉን ትቼ ቤቱን ለወጥኩ። መልእክት አንድ በአንድ፤ ከሰል ከሆነ ከሰል ብቻ፣ እሱም በወረቀት ተጽፎ። የቤት ኪራይና የእድር ገንዘብ በየፖስታው ተለይቶ ይቀመጣል። «ቶሎ ና» የሚባል ነገር ከቤታችን ወጥቷል፤ «የዙህር አዛን ሲሰማ ተነሥ» እለዋለሁ፣ ይነሣል። ከባድ ወሬ ማታ፣ ደክሞት ሳለ አይነሣም።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ግን ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ለወራት ኪሱን እፈትሽ ነበር። አንድ ቀን «ሚስት ነው ያገባሁት፣ እናት አለችኝ» አለኝ። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትኛውን እርዳታ እንደሚፈልግ የሚናገረው እሱ ነው፤ ፖስታዎቹን የጠየቀው ራሱ ነው፣ ኪስ መፈተሹ ቀርቷል። ልጃችንን አባብሎ የሚያስተኛ፣ ቡናውንም ሳያሳርር የሚቆላ እሱ ነው። ቂም አያውቅም፤ ከጉዳቱ ይሁን ከባሕርዩ እኔ አልለይም፣ ተመችቶኛል። ይህን ስል ሚስት ሁሉንም ትሸከም ማለቴ አይደለም፤ እጁን የሚያነሣ ባል ምንም ጉዳት ቢኖርበት ምክንያት ሊሆነው አይችልም።

«ጥፋቱ የእናቱ ነው» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። አማቴ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ነው። የሚጠምቅ ሰው ይቀምሳል፤ እንግዳ ሲጋብዝም ይጠጣል። አልኮል ከእናት ደም ወደ ፅንሱ እንደሚያልፍ፣ በእርግዝና ጊዜ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለ ማን ነገራቸው? ዛሬም ጠላ «ቀላል ነው» የሚባልባቸው ቤቶች ሞልተዋል።

የዚህ ጉዳት ዓለም አቀፍ ቀን ጳጉሜን 4 ይውላል። ጅማ ሐኪም የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። ትምህርቱ በነፍሰ ጡሯ ብቻ እንዳያበቃ፣ ሥራ የማይበረክትለትን፣ ትዳሩ የሚናጋበትን ጎልማሳም የሚጠይቅ ሐኪም እንዲኖር እፈልጋለሁ። ሽማግሌዎቻችንም «አትዋሽ» ከማለታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ምን አለበት?

በርጩማው አሁንም ቤታችን አለ። አማቴ ሲመጡ ልጃቸው የሚያስቀምጣቸው እሱ ላይ ነው።