ባላዬን ከትከሻዬ አላወርድም

ባለፈው ጥር አንድ የሠርግ ቤት ደወለልኝ። ደዋዩ የሙሽራው አጎት ነው። በዋጋ ተስማምተናል፤ ሰዓቱንም ተነጋግረናል። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለኝ። «ያቺን ሹል ጊታር አታምጣት። የትልቅ ሰው አይደለችም። ሽማግሎች ይቀመጣሉ፤ ደህናውን ጊታር ይዘህ ና።»

ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ያሰበውን በትሕትና ነው የነገረኝ። ግን ነገሩ ለቀናት ከውስጤ አልወጣም። ይኸንኑ ቃል ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁና። ከሥራ ባልደረባ ሰምቼዋለሁ፤ ከዘመድም ሰምቼዋለሁ። «በዚህ ዕድሜ?» የሚል ጥያቄ ነው። እዚህ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

47 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ነው። ቀን ቀን አስተምራለሁ። በሠርግ ወቅት ቅዳሜና እሁድ ከባንድ ጋር ሊድ ጊታር፣ ማለትም ዜማውን የሚመራውን ጊታር፣ እጫወታለሁ። ጊታር የጀመርኩት ከደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት በተረፈች አንዲት አሮጌ ጊታር ነው። ሁለት ክር ጎድሏት ነበር። በአራት ክር አንድ ዓመት ሙሉ ተጫወትኩ።

የአሁኗ ጊታሬ ደማቅ ቀይ ናት። አንገቷን ወደ ላይ አድርገው ሲያቆሟት «ለ» ፊደልን ትመስላለች፤ ከአናቷ ረጅም አንገት የወጣላት «ለ»። የእህቴ ልጅ ነው ከውጭ ይዞልኝ የመጣው። ገንዘቡን ከሠርግ ክፍያ ላይ ሦስት ዓመት አጠራቅሜያለሁ። ከልጆቼ ትምህርት ቤት ክፍያ የነካሁት የለም። እናቴ መጀመሪያ ያየቻት ቀን «ይች ባላ ናት እንዴ?» አለች። ከዚያ ወዲህ የባንዱ ልጆችም ባላ ይሏታል። እኔም ወደድኩት። ባላ ቤት የሚደግፍ እንጨት ነው።

አሁን «የትልቅ ሰው አይደለችም» ወደሚለው ልምጣ።

ይህን ቅርጽ ወጣቶች አላመጡትም። የአሜሪካው ጊብሰን ኩባንያ ፍላይንግ ቪ እና ኤክስፕሎረር የተባሉትን ሁለት ጊታሮች ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በእኛ 1950 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የእኔዋ ቅርጽ የፍላይንግ ቪ ነው። እኔ ገና አልተወለድኩም። የተሠሩበት እንጨት በንግድ ስሙ ኮሪና ይባላል። ዛፉ ግን ሊምባ ነው፤ የሚበቅለውም በምዕራብ አፍሪካ ነው። ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ያን ጊዜ ገዢ አላገኙም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከኩባንያው የወጡት ፍላይንግ ቪዎች 100 እንኳ አልሞሉም። ሥራውም ቆመ።

ፍላይንግ ቪን ካስከበሯት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የብሉዝ ተጫዋቹ አልበርት ኪንግ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ጊታሯ ስትወጣ 35 ዓመቱ ነበር። ግራኝ ስለነበር የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ይጫወት ነበር። ስሙን በዓለም ያገነነው አልበም እ.ኤ.አ. በ1967 ሲወጣ 44 ዓመቱ ነው። ሌላው አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች ቦ ዲድሊም አለ። እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን የሆነች ጊታሩን 70 ዓመት አልፎትም መድረክ ላይ ይዟት ይወጣ ነበር። አሜሪካዊው ዘፋኝ ፕሪንስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሱፐር ቦውል በሚባለው የአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ መድረክ ላይ ዝናብ እየወረደበት ሲጫወት 48 ዓመቱ ነበር። የያዛት ሐምራዊ ጊታር እንደ ስሙ በሚጠቀምበት የራሱ ምልክት ቅርጽ የተሠራች ነበረች። ያን ቀን «ዕድሜህን እወቅ» ያለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሹል ጊታር የወጣት ነው የሚለው ስም ኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ኃይለኛ የሮክ ሙዚቃ የሚጫወቱ ልጆች ወሰዱት። ይበልጥ አሾሉት፤ ጥቁር ቀለም ቀቡት። ጥሩ አድርገዋል። ግን እነሱ ወሰዱት ማለት የእነሱ ብቻ ሆነ ማለት አይደለም።

ከዚህ በላይ የሚገርመኝ ይህ ጥያቄ ጎንደር ላይ መነሳቱ ነው። ማሲንቆ ምን ዓይነት ቅርጽ አለው? ዳይመንድ ነው። አራት ሹል ማዕዘን አለው። ቆዳ ለብሶ፣ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ተወጥራበት፣ ስንት መቶ ዓመት ሲያስለቅሰን ኖሯል። ማሲንቆ ይዞ የመጣን አዝማሪ «ይህ ነገር ሹል ነውና ክብ አድርገህ ና» ያለው የለም። ዕድሜህ ስንት ነው ያለውም የለም። እንዲያውም አዝማሪ ሲጎለምስ ነው የሚፈለገው። ግጥሙ የሚበስለው ያኔ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ቡርባክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ። እዚያ ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ አባትየው ግን የራሱን አያስቀምጥም።

ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ከታቦቱ ጋር ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርደውን ሕዝብ አስቡት። በወርቅ ክር የተጠለፈውን ካባ የለበሰው ማን ነው? ያን የሚያብለጨልጭ ጥላ የያዘው ማን ነው? ሆታው ሲደምቅ መሀል ገብቶ ዱላውን ወደ ሰማይ የሚያነሳው ማን ነው? አብዛኛው ትልቅ ሰው ነው። አቋቋም ለመማር ጎንደር በአታ የሚመጣ ተማሪ የሚያየው ሽበት ያላቸው ሊቃውንት ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ ነው። ማኅሌትን ከሠርግ ዘፈን ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ቦታቸው የተለያየ ነው። የምለው ይህ ከተማ ድምቀትን ከትልቅ ሰው ነጥቆ አያውቅም ነው። ታዲያ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ሲደርስ ብቻ ለምን ይነጠቃል?

እኔ እንዲያውም እንዲህ ያለ ጊታር ለጎልማሳ ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያት አለኝ። ደማቅ ጊታር ዓይን ይጠራል። ዓይን ሲመጣ ጆሮ ይከተላል። እንግዳ ከጠራህ ደግሞ የምታቀርበው ሊኖርህ ይገባል። በ20 ዓመቴ ይህችን ጊታር ብይዝ ኖሮ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ምን አሰማዋለሁ? ፍጥነት ብቻ ነበረኝ። ዝም ማለት አላውቅም ነበር። ትዝታን ስጫወት ራሱ እሮጥ ነበር። ዛሬ አንዷን ድምፅ ይዤ መቆየት እችላለሁ። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ የት እንደምገባ አውቃለሁ።

ቅርጿ ለዓይን ብቻ አይደለም። ማሲንቆ ፍሬት፣ ማለትም ጊታር አንገት ላይ ድምፁን የሚከፍለው የብረት መስመር፣ የለውም። ጣት በክሩ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚያለቅሰው። ጊታር ላይ ያንን ለማምጣት ክሩን በጣት ገፍቶ መሳብ ያስፈልጋል፤ ልቅሶው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ላይኛው ድምፅ ላይ ነው። በተለመደው ጊታር ወደዚያ ስትወጣ የጊታሩ ሰውነት እጅህን ይከለክልሃል። ባላዬ ግን ሁለቱ ክንፎቿ ወደ ኋላ የሄዱ ስለሆኑ አንገቷ ነጻ ነው። እስከ መጨረሻው፣ እስከ 22ኛው ፍሬት ድረስ እጄን የሚይዘው ነገር የለም። አንቺ ሆዬን እዚያ ላይ መጫወት የጀመርኩት በእሷ ነው።

ችግር የላትም አልልም። ቆሜ ስይዛት አንገቷ ወደ መሬት ያዘነብላል። ስለዚህ ሰፊ የቆዳ ማንገቻ አሰፋሁላት፤ ሻካራው ጎን ወደ ልብስ ዞሮ እንዳይንሸራተት። ባጃጅ ውስጥ አትገባም ማለት ይቻላል። ከአራዳ ማራኪ ድረስ ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ጫፏን በክንዴ እየጠበቅኩ ነው የምሄደው። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መጫወትም መላ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ፍላይንግ ቪዎች ጎናቸው ላይ ከጭን እንዳይንሸራተቱ ላስቲክ ተለጥፎባቸው ነበር። የእኔዋ ላስቲክ የላትም። ዘዴው የታችኛውን ክንፍ በሁለት እግር መሀል አሳልፎ ቀኝ ጭንን ክፍተቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህን ለመልመድ ወር ፈጅቶብኛል።

ሌላም ነገር አለ። አሁን ብዙ ሠርግ በአንድ ኪቦርድ ያልቃል። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ጊታሩም ከኪቦርድ ይወጣል። ጊታር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ በዝቷል። ባላዬን ይዤ በፒያሳ ሳልፍ ግን ያስቆሙኛል። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከጃንተከል ዋርካ ጀምሮ ተከተለኝና «ጋሼ፣ ይችን መማር ይቻላል?» አለኝ። አሁን እሱና ጓደኛው ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ይመጣሉ። ቡናማዋን ክብ ጊታሬን ይዤ በዚያው መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ያስቆመኝ አልነበረም።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ለአጎትየው መልሼ ደወልኩ። ሌላ ጊታር እንደማልይዝ፣ ካልፈለጉ ሌላ ሰው ቢፈልጉ እንደማልቀየም ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እንግዲህ ይሁን» አለ። ደስ አላለውም፤ ይገባኛል።

በሠርጉ ቀን ከእኛ በፊት አንድ አዛውንት አዝማሪ ተጠርተው ነበር። ምግብ እስኪነሳ ድንኳኑ ጥግ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጊታሬን ረጅም ጊዜ አዩዋት። «አምጣት እስቲ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ማንም ሳያሳያቸው የታችኛውን ክንፍ በእግራቸው መሀል አሳልፈው ጭናቸው ላይ ቁጭ አደረጓት። እኔ ወር የፈጀብኝን እሳቸው በቅጽበት። «ስሟ ማን ነው?» አሉ። ከበሮ መቺያችን ቀደመኝና «ባላ» አላቸው።

ተራቸው ሲደርስ ተነሱ። ከጥቂት ግጥም በኋላ ወደ ሙሽራው እናት ዞሩና እንዲህ አሉ፦

«የሙሽራው እናት አትስጊ ለጣራ፣
ባላው ቆሞልሻል ከማሲንቆ ጋራ።»

ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ሽማግሎቹም አጨበጨቡ። እሳቸው ማሲንቋቸውን ሳያወርዱ በዓይናቸው ጠሩኝ። ማንገቻዬን አጥልቄ ቀረብኩ። «ቃናውን ስጠኝ» አሉኝ፤ ሰጠኋቸው፤ ክራቸውን አስተካከሉና ባቲ ጀመርን።