ሰበብ ሳይዙ አቀበት

ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ለሚሄድ ሰው ይህ መንገድ ዳገት የለውም። ስንት ዓመት ስመላለስበት አንድም ዳገት አይቼ አላውቅም። ግራና ቀኝ የቡና ጥላ ዛፍ ነው፣ የሾፌሩ ሙዚቃ ነው፣ አጠገቤ በተቀመጠው ሰው ትከሻ ላይ የሚደፋ እንቅልፌ ነው፣ ከዚያ አጋሮ ነው። ዳገቶቹን ማን እንዳመጣቸው እንጃ። ብቻ በብስክሌት እንሂድ ያልን ዕለት ማታ ሁሉም በየቦታቸው ቆመው ተገኙ።

ሐሳቡ የመጣው ከቡና ነው። ጅማ ውስጥ ሐሳብ በአቦል ይወለዳል፣ በቶና ይፋፋል፣ በረካ ሳይደርስ ኮሚቴ ይቋቋምለታል። ፈረንጅ አራዳ አንድ በረንዳ ላይ ዘጠኝ ሆነን ተቀምጠናል። አንዱ ቦርጩን እያሻሸ፣ "አጋሮ ደርሰን ብንመለስስ?" አለ። ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር። ማንም እምቢ አላለም። ቡና ላይ "አልችልም" የሚል ሰው የለም። እምቢታ በኋላ ነው የሚመጣው፣ በስልክ፣ ያውም በሦስተኛ ሰው በኩል።

ለዝግጅት ስድስት ሳምንት ተሰጠን። በመጀመሪያው ሳምንት ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጥን። በሁለተኛው በቲሸርት ቀለም ተጣላን። በሦስተኛው ታረቅን፤ ለዕርቁም ቁርጥ በላን። እስከዚህ ድረስ ብስክሌት ላይ የወጣች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ነርሷ። ከሥራ በፊት በየማለዳው ኮረብታው ላይ ጅሬን ደርሳ እንደምትመለስ የሰማነው ከሰው ነው። እሷ አልነገረችንም። ይኼ ራሱ ኮሚቴውን ቅር አሰኝቶታል።

ሊቀመንበራችን ንግግር ይወዳል። አራተኛው ሳምንት ላይ ተነሥቶ፣ "ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞች ያሰለፈች አገር ናት፤ ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ እኛ አጋሮ ያቅተናል?" አለ። አጨበጨብን። መምህሩ ብቻ እጁን አወጣ። "እነሱም ሲጀምሩ ቲሸርት ነው ያሠሩት?" ጥያቄው በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

እኔ ብስክሌቴን ከመጋዘን አወጣሁት። ዶሮ ስድስት ዓመት ሰፍራበት ኖሯል። እየገፋሁ የጅማ መርካቶ ወደ ጎሚስታ ወሰድኩት። መቼም ጣሊያን ከጅማ ሲወጣ ቃላቱን ይዞ የመውጣት ጊዜ አላገኘም። ጎሚስታ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ፍሬን፤ ብስክሌት ሲበላሽብን ሁላችንም ሮም ተወልደን ያደግን እንመስላለን። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ነፍቶ ውኃ ውስጥ ነከረው። አረፋው እንደ ጠላ ተነሣ። አንድ ቀዳዳ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ቀና ብሎ፣ "ወንድሜ፣ የት ልትሄድበት ነው?" አለኝ።

"አጋሮ።"

ትንሽ አሰበ። "ይደርሳል" አለ። "ሚኒባስ ላይ ከጫንከው።"

ነርሷ የሰጠችንን ምክር ግን መናቅ አይገባም። መቀመጫውን አስተካክሉ አለች። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ካለ ልኩ እሱ ነው። ማርሹን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት አቅልሉት፤ ዳገት መሐል ከቀየራችሁ ካቴናው ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ጨምድዳችሁ አትያዙ፤ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ ያለዚያ ቸርኬው ይግላል። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ብሉ፤ ሙዝ፣ በሶ፣ ማር። ሳይርባችሁ ብሉ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ። የመጨረሻውን ሳምንት ልምምድ ቀንሱ።

የመጨረሻዋን ምክር ሁላችንም አክብረናል። እንዲያውም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረን ነው ያከበርናት።

አንዱ ነገር ግን አሳሰበን። ሜዳ ላይ ከሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ነፋሱን ስለሚከለልበት ብዙ ጉልበት ይቆጥባል። ሲሶ ያህል። ይህን ስንሰማ ደስ አለን። ከሰው ጀርባ ተጠግቶ መኖር ማን ያስተምረናል? ቀበሌም ባንክም ጉዳያችንን የጨረስነው እንደዚያ ነው። ዳገት ላይ ግን አይሠራም አለች። ዳገት ላይ ፍጥነት ስለሌለ የሚከለሉት ነፋስ የለም፤ ሁሉም የራሱን ኪሎ ራሱ ነው የሚጎትት። በረንዳው ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ዘመድ የማይረዳበት ቦታ መኖሩን ያን ቀን ነው የሰማነው።

እውነተኛው ዝግጅት የተጀመረው ከዚያ ምሽት ነው። የሰበብ ዝግጅት።

ሰበብ እንደ ቡና ነው። አስቀድሞ ካልተተከለ ለለቀማ አይደርስም። ዳገቱ ሥር ቆሞ "አመመኝ" የሚል ሰውን ማንም አያምነውም። ከሦስት ሳምንት በፊት ምስክር ባለበት ትንሽ ማቃሰት ያስፈልጋል። እኔ ጉልበት መረጥኩ። ጉልበት ንጹሕ ሰበብ ነው፤ አይታይም፣ አይለካም፣ ያሳዝናል። ከበርጩማ ስነሣ "እህ" ማለት ጀመርኩ። ደግሞ የጅማ በርጩማ ለዚህ ምቹ ነው፤ ዝቅ ስለሚል ሲነሡ ጤነኛም ያቃስታል። ቤት ውስጥ ማታ ማታ ማንከስ ተለማመድኩ። ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና ታየኛለች። ምንም አትልም። የሷ ዝምታ ጥሩ አልነበረም፣ ያኔ አልገባኝም እንጂ።

ሊቀመንበሩ "ግፊቴ ሰሞኑን ከፍ ዝቅ ይላል" አለ። መምህሩ ካቴናውን አመካኘ፤ "አሮጌ ነው፣ መንገድ ላይ ሊበጠስ ይችላል" እያለ በተስፋ ያየዋል። የባንኩ ልጅ ድንገተኛ ስብሰባ ይጠሩኛል አለ። ጸሐፊው አጎቱን አልጋ ላይ አስተኛቸው። "በጣም ደክመዋል፣ በማንኛውም ሰዓት ሊደወልልኝ ይችላል።" ሐዘናችንን ገለጽን። በማግስቱ አጎቱን መርካቶ አየኋቸው፤ በግ በቀንዱ ይዘው ከነጋዴ ጋር ይጓተታሉ። በጉ ነበር የደከመው።

ለወጉ ያህል አንድ ቀን ጅሬን ሄድን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ነው፣ ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር የመጠሪያ ስማቸው ቱሉ ነበር። ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ ማለት ነው። አባ ጅፋር ደግሞ የፈረስ ስም ነው፤ የጅፋር ባለቤት እንደ ማለት። ስሙ ኮረብታ፣ ማዕረጉ ፈረስ የሆነ ሰው ኮረብታ ላይ ቢኖር ያምርበታል። እኛ ስማችን ሜዳ፣ ማዕረጋችን ባጃጅ ነው። ሲሶው ላይ ስንደርስ ልጆች ከየአጥሩ ወጡ። "ጃባዱ! ጃባዱ!" በርታ ማለታቸው ነው። ዳገት ላይ እንደ ማበረታቻ የሚጎዳ ነገር የለም። ካልታየህ ወርደህ ትገፋለህ። "ጃባዱ" ከተባልክ ግን መሞት አለብህ። አንዱ ልጅ እያዛጋ በእግሩ አጠገቤ ይራመድ ነበር። ይራመድ ነበር ነው ያልኩት፣ አልሮጠም።

ዋዜማው ቅዳሜ ነበር። ነርሷ ለነገ የሚሆን እንጀራ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ ብሉ ብላ ነበር። ገንዘብ ያዡ "ጉልበት የሚሆን ነገር" የሚለውን ብቻ ሰምቶ ክትፎ በላ። በላዩም ጭኮ ጨመረበት። ሌሊቱን ሙሉ ለአጋሮ ሳይሆን ለሽንት ቤት ነው የሮጠው። ጠዋት ሲደውል ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። እሱ ብቻ ነው እውነተኛ ምክንያት የነበረው፤ ማንም አላመነውም።

እሑድ፣ ኅዳር ወር፣ ሰማዩ የታጠበ። ስምንት ሆነን ተሰለፍን። መምህሩ ያቺን ስፖንጅ ያላት ጥብቅ ቁምጣ አስመጥቷል። በሰፈሩ ታላላቆች ፊት በዚያ ማለፍ ስለከበደው ሽርጥ ከላይ አገለደመ። ከተማው ጫፍ ሲደርስ ሽርጡን ሊፈታ ሲል የአንድ ተማሪው አባት ከመስጊድ ሲመለሱ አገኙት። ያሉት "እንደምን አደርክ መምህር" ብቻ ነው። መምህሩ ሽርጡን መልሶ አሰረ፤ እስከ አጋሮ አልፈታውም።

የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች እየዘፈንን ነዳን። የቡ ከተማ ሳንደርስ ዘፈኑ አለቀ። ዳገቱ መጣ። በ100 ሜትር 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት በወረቀት ላይ ምንም አይደለም። ወረቀቱን አንተ ስላልጎተትከው ነው። ማርሹን አቀለልኩ። ደግሜ አቀለልኩ። ሦስተኛ ስፈልግ አልነበረም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በቃ፣ ጊዜው ደረሰ አልኩ። እየተንከባከብኩ ያሳደግኩትን ጉልበት ላወጣው ነው። አፌን ከፈትኩ።

"ወይኔ ጉልበቴን!"

ድምፁ የኔ አይደለም። ከፊቴ ነው። የባንኩ ልጅ ብስክሌቱን ጥሎ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል፣ ጉልበቱን አቅፎ። ለካ ቀኑ እሑድ ነው። በእሑድ ስብሰባ የሚጠራ ባንክ የለም። ልጁ ሰበቡ እንደማይሠራ የገባው ዳገቱ ላይ ነው፤ በቅርብ ያገኘውን አነሣ። የኔን።

አሁን ምን ይባላል? በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ዳገት፣ በአንድ ደቂቃ ሁለት ጉልበት? ሰው ይስቃል። አፌን ዘጋሁ። ነዳሁ። ከኋላዬ ሊቀመንበሩ "ግፊቴ" ሲል ሰማሁ። ነርሷ ከላይ ተመልሳ ወረደች፤ ተመልሳ ነው የምላችሁ። ከቦርሳዋ የግፊት መለኪያ አወጣች። መንገድ ዳር አስቀምጣ ለካችው። "ከኔ ይሻላል፣ ተነሥ" አለችው። የጸሐፊው ስልክ ጮኸ። ሁላችንም ዝም አልን። አጎትየው ናቸው። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ይሰማል። "አጋሮ ደረስክ? ማር እንዳትረሳ!" የመምህሩ ካቴና እስከ መጨረሻው አልተበጠሰም። አሮጌ ዕቃ ሲፈለግ መቼ ይበላሻል?

ስንት ጊዜ እንደወሰደብኝ አልናገርም። ብቻ ደጃፏ ላይ ቡና አልጋ ላይ ያሰጣች ሴትዮ ሳልፍ ጀምራ ቀይ ፍሬውን በእጇ ስታገላብጥ፣ አገላብጣ ጨርሳ ቀና ስትል፣ አሁንም እዚያው ፊት ለፊቷ ነበርኩ። "ግባና ቡና ጠጣ ወንድሜ" አለችኝ። ከልቧ ነው። ጅማ ነው፣ ሰው ሲሞት ዝም ብሎ አይታይም። አልገባሁም። ከገባሁ አልወጣም ነበር። አናቱ ላይ ስደርስ ነርሷ አልፋኝ ሙዝ ትልጣለች።

"ጉልበትህስ?" አለችኝ።

"ተሻለው።"

"ዳገት ያሻለው የመጀመሪያው ጉልበት ነው" ብላ ግማሹን ሙዝ ሰጠችኝ።

አጋሮ ገባን። ስንመለስ ከስምንታችን በብስክሌት የተመለሰችው እሷና አንድ ዝምተኛ ልጅ ብቻ ናቸው። የቀረነው ከነብስክሌታችን የቡና ጆንያ የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣን። ጆንያው ላይ ተጋድሜ ያንን ዳገት ቁልቁል አየሁት። እንደ ድሮው ሜዳ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከአልጋ ልነሣ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ። በእውነት። አብጧል፣ ይጠዘጥዛል። እያነከስኩ ሳሎን ወጣሁ። ባለቤቴ ጀበናውን ከእሳት ላይ እያወረደች ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ዛሬ ደግሞ በቀኙ ሆነ?" አለችኝ። "ስትለማመድ እኮ ግራው ነበር።"

ማታ ሊቀመንበሩ ደወለ። በሚቀጥለው ወር ሰቃ ልንሄድ ነው፣ ኮሚቴው ወስኗል። ጉልበቴን ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለ። ወረቀት ሲገልጥ ይሰማል።

"ጉልበት ተይዟል" አለኝ። "የባንኩ ልጅ ወስዶታል። ወገብ ግን እስካሁን ማንም አልያዘውም። ልመዝግብህ?"