ሪስታርት ያልተደረገ ሰርቨር አፕዴት አልተደረገም

ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር፣ ከሰንጋ ተራ እስከ ፒያሳ ባሉት ፎቆች ውስጥ ሊኑክስ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች የከርነል (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) የደህንነት ክፍተት ወሬ ሲነሳ የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ይሄ እኮ ሎካል ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ገብቶ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል፤ አካውንት ያለው ደግሞ የራሳችን ሰው ብቻ ነው። ደግሞ ሬስ ኮንዲሽን (የሁለት ሥራዎች የጊዜ ሽሚያ) ነው፤ ጊዜውን ማግኘት ከባድ ነው።» ሁለቱም ምክንያቶች አያስኬዱም። በእነሱ ሰበብ ሪስታርት ሳይደረግ ዓመት የሚሞላው ሰርቨር የደንበኞችን መረጃ አደጋ ላይ ይጥላል።

«ደርቲ ካው» የሚባለውን ክፍተት እንውሰድ። በክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2016-5195 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት ይፋ የሆነው በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ነው። ተጠቂ የነበሩት ግን ከ2.6.22 ጀምሮ የወጡት ከርነሎች ናቸው። ያ እትም የወጣው በሐምሌ 1999፣ ሚሊኒየሙን ለማክበር ሁለት ወር ሲቀረን ነበር። ክፍተቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰርቨሩም በአንድሮይድ ስልኩም ውስጥ ተቀምጧል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ማስተካከያውን ሲያስገባ እንደጻፈው፣ ስህተቱን ከ11 ዓመት በፊት ራሱ ሊደፍነው ሞክሮ ነበር፤ መፍትሔው በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ችግር ስላመጣ ተመልሶ ወጣ። ያኔ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ይታሰብ የነበረው ሽሚያ፣ የከርነሉ የሚሞሪ አያያዝ እያደገ ሲሄድ በተግባር የሚቻል ሆነ።

አሠራሩን በደንብ ማየት ይጠቅማል። አንድ ፕሮግራም ማንበብ እንጂ መጻፍ ያልተፈቀደለትን ፋይል፣ ለምሳሌ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ያለበትን፣ «ለግሌ» ብሎ ሚሞሪ ላይ መክፈት ይችላል። ልጻፍበት ሲል ከርነሉ የገጹን (የዚያን የሚሞሪ ቁራጭ) ቅጂ ሠርቶ ቅጂው ላይ ያስጽፈዋል። መዝገብ ቤት ዋናውን ሰነድ አስቀምጦ ፎቶ ኮፒውን እንደሚሰጠው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ጊዜ አያልቅም። ከርነሉ መጀመሪያ ቅጂውን ይሠራል፤ ቀጥሎ ቅጂው ስላለ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብሎ «መጻፍ ይፈልጋል» የሚለውን ምልክት ያነሳል፤ ከዚያ ገጹን እንደገና ይፈልጋል። በዚህ መሀል ሌላ ትሬድ (የዚያው ፕሮግራም ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) «ኤምአድቫይዝ» በሚባለው ጥሪ «ይህን ገጽ አልፈልገውም» ብሎ ቅጂውን ያስጥላል። ከርነሉ ሲመለስ ቅጂው የለም፤ የመጻፍ ምልክቱም ተነስቷል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ለማንበብ የመጣ ይመስለውና ዋናውን ገጽ አውጥቶ ይሰጣል፤ ጽሑፉም ዋናው ላይ ያርፋል። የተስተካከለው ከርነል የመጻፍ ምልክቱን አያነሳም፤ ቅጂ መሠራቱን የሚናገር ሌላ ምልክት ይጨምርና ቅጂው በእርግጥ መኖሩን ያረጋግጣል። በኅዳር 2010 ደግሞ ማስተካከያው ራሱ በትልልቅ የሚሞሪ ገጾች ላይ ቀዳዳ እንዳለው ተገኘና ሌላ ፓች (ማስተካከያ) አስፈለገ።

አሁን ወደ «ጊዜውን ማግኘት ከባድ ነው» እንመለስ። አጥቂው ሁለት ትሬድ ያስነሳል፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያስጥላል፣ ሁለቱም ያለማቋረጥ ይሽከረከራሉ። ያልተሳካ ሙከራ ማሽኑን አያቆምም፤ በተለመደው ሎግ ላይም ዱካ አይተውም። ከመቶ ሺህ አንዴ የሚገጥም ዕድል በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ ከተሞከረ የሚጠይቀው በአማካይ አሥር ሰከንድ ነው።

«ሎካል ነው» የሚለውም እንዲሁ። ፎቶ ወይም ሲቪ የሚቀበል የድርጅት ድረ ገጽ የሚጫነውን ፋይል በደንብ ካላጣራ፣ ከውጭ ያለ ሰው በድረ ገጹ አካውንት ሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ሰው ሎካል ነው። ወደ ሩት፣ ሁሉ ወደተፈቀደለት አካውንት፣ የሚያሻግረው እንግዲህ እንዲህ ያለው የከርነል ክፍተት ነው። ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለየብቻ ክፍል የሚያስኬደውን ዶከር የሚጠቀሙም አይዘናጉ፤ ኮንቴይነሮች ሁሉ የሚጋሩት የአስተናጋጁን ከርነል ስለሆነ ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን ፋይል) ማደስ ከርነሉን አያድስም።

ብዙ ቢሮ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ከርነል ዲስክ ላይ ተጭኗል፤ ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ ሚሞሪ ላይ የሚሠራው ግን አሮጌው ነው። «ዩኔም» የሚለውን ትእዛዝ ከ«አር» አማራጭ ጋር አስኪዱና የሚያወጣውን ቁጥር ከተጫነው የመጨረሻ ከርነል ጋር አስተያዩ። ካልተገናኙ ፓቹ ሥራ አልጀመረም። የቡት ክፍልፋዩ (ከርነል የሚቀመጥበት የዲስክ ክፍል) በአሮጌ ከርነሎች ሞልቶ አዲሱ ጭራሽ ሳይጫን የሚቀርበት ጊዜም አለ፤ ያንንም እዩ። ላይቭ ፓች፣ ማለትም ያለ ሪስታርት የሚገባ ማስተካከያ፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ሆኖም ሁሉንም ማስተካከያ አይሸፍንም። ሴንትኦኤስ 7 በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ያሉት ደግሞ ድጋፉ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ስላበቃ የሚጠብቁት መደበኛ ፓች የለም፤ ወደ ሌላ ሲስተም መዛወር አለባቸው።

ሪስታርት የሚፈራበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ በእጁ አስነስቶት የሄደ አገልግሎት አለ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ይነሳ አይነሳ ማንም አያውቅም። መፍትሔው የሚሠሩትን አገልግሎቶች መዝግቦ እያንዳንዱ በቡት ጊዜ ራሱ እንዲነሳ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ ማስተካከል ነው። ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ዳታቤዙን በሥርዓቱ አቁሞ ስናፕሾት (የማሽኑን የዚያን ሰዓት ሁኔታ ቅጂ) መውሰድ፤ ከዚያ ኮንሶሉ አጠገብ ሰው አስቀምጦ ማስነሳት። አዲሱ ከርነል እምቢ ካለ ማሽኑ ሲነሳ ከሚመጣው የግሩብ ሜኑ አሮጌውን መርጦ መግባት ይቻላል።

ይህን አድሚኑ ብቻውን አይወስነውም። ሰርቨሩ ሲቆም የሚወቀሰው እሱ ነው፤ ሳይታደስ ሲቀር ግን እስኪዘረፍ ድረስ ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ በወር አንድ እሁድ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ሲስተሙ እንደሚቋረጥ ሥራ አስኪያጁ በፊርማው ያጽድቅ፤ ለቅርንጫፎችም አስቀድሞ ይነገራቸው። ለዚያች ሌሊት የሚመጣው ባለሙያ የትርፍ ሰዓቱ ይከፈለው፤ ሰኞ ጠዋት የሚያቀርበው ሪፖርትም እያንዳንዱ ሰርቨር በየትኛው ከርነል ላይ እየሠራ እንደሆነ ይግለጽ።