ማስተካከያ፦ መምህሩ አልዋሸም

ባለፈው ስለ ፈላስፋው ፖል ግራይስ የንግግር መርሆች (ሰዎች ለመግባባት ሲነጋገሩ ይከተሏቸዋል ስላላቸው ደንቦች) ስጽፍ አንድ ምሳሌ ሰጥቼ ነበር። እናት «ልጄ በትምህርቱ እንዴት ነው?» ስትል መምህሩ «ደብተሩ በጣም ንጹሕ ነው» ይላታል። እኔም «መርሁን ስለጣሰ ዋሽቷል» አልኩ። ተሳስቻለሁ፤ ለፈተና የምትዘጋጁትን በተለይ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ግራይስ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፉ መጣስን ይለያየዋል። ሰሚው ሳያውቅ በስውር ከተጣሰ ማሳሳት ነው። ሆን ተብሎ፣ ሰሚው እንዲያውቀው ከተጣሰ ግን ሌላ መልእክት ያቀብላል። መምህሩ ስለ ውጤቱ ትንፍሽ አላለም። የመጠንን መርህ (የሚፈለገውን ያህል መረጃ ስጥ የሚለውን) በግልጽ ጥሷል፣ ምናልባት የአግባብነትንም (ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ ነገር ተናገር የሚለውን)። እናትየውም ወዲያው ገባት፤ ልጁ ሰንፏል።

ስለዚህ «ዋሽቷል» ያልኩትን «በተዘዋዋሪ ነግሯታል» ብላችሁ አርሙልኝ።