እርማት፦ «ሞቅ ያለው ድምፅ» ከፕለጊኑ ላይሆን ይችላል

ወንድሜ፣ «የ1176 ዓይነት ኮምፕረሰር ፕለጊን ካልገዛህ ድምፅህ አይሞቅም» ያልከው እዚህ ሐዋሳ የቤት ስቱዲዮ ያላቸው ልጆችም ደጋግመው የሚሉት ነው። ግን ልክ አይደለም። (ኮምፕረሰር ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ መሣሪያ ነው፤ 1176 ታዋቂ ሞዴሉ ነው፤ ፕለጊን ደግሞ በኮምፒውተር የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ የሚጨመር ሶፍትዌር ነው።) ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ፕለጊኖች ገና ስትከፍታቸው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ጆሯችን ደግሞ ከፍ ያለውን ይወዳል፤ 1 ዴሲቤል እንኳ ያታልለዋል። ስለዚህ በነፃ ሙከራው ጊዜ አውትፑቱን (ከፕለጊኑ የሚወጣውን የድምፅ መጠን) ቀንሰህ፣ ሲበራም ሲጠፋም እኩል እንዲሰማ አድርግ። ከዚያ ክራሩንም ድምፃዊዋንም በደንብ አዳምጥ።

አታኩንም፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ ድምፁን ለመጫን የሚፈጥንበትን ልክ፣ ልብ በል። በ1967 በወጣው በዋናው የ1176 መሣሪያ ላይ የአታኩ ቁልፍ የተገላቢጦሽ ነው፤ 7 ፈጣኑ፣ 1 ዘገምተኛው። ብዙዎቹ ፕለጊኖችም ይህንኑ ይከተላሉ። ይህን ሳያውቁ፣ 7ን ዘገምተኛው መስሏቸው ከበሮውን አፍነው «አይረባም» የሚሉ አሉ፤ ያሳዝናል።

ድምፁን እኩል ካደረግክ በኋላም ልዩነቱ ከገባህ፣ ግዛው። ካልገባህ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው ኮምፕረሰር ይበቃሃል።