ስትሮክ ሲመታ ኢንዛይሙን እንዝጋው?

የነርቭ ሴሎቻችን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ የሚሠራ ኢንዛይም አላቸው። ደም ሥር ተዘግቶ ስትሮክ ሲመጣ ይህን ኢንዛይም በመድኃኒት ማገድ ያዋጣል?

ከሳሽ፦ እንዴታ! ደም ሲቋረጥ የታፈኑት ሴሎች ግሉታሜት የሚባል፣ ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ይረጫሉ። ግሉታሜቱ በነርቭ ሴሉ ላይ ያለውን ኤንኤምዲኤ የሚባል በር ይከፍታል፣ ካልሲየም ይጎርፋል። ኢንዛይሙ እዚያው በሩ ሥር ታስሮ ተቀምጧል፤ ካልሲየም ሲገባ ይነሳል። ጋዙ በልኩ ቢሆን ምንም አልነበር። ሱፐርኦክሳይድ የሚባለውን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ካገኘ ግን ፐሮክሲናይትራይት ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ፕሮቲን አይል ዲኤንኤ፣ ያገኘውን ይበላል። በፈረንጆቹ 1994 የታተመውን ሙከራ እዩ፦ የኢንዛይሙ ጂን እንዲጠፋ የተደረገባቸው አይጦች በስትሮክ የደረሰባቸው ጉዳት ያነሰ ነበር።

ጠበቃ፦ እህቴ፣ የአይጦቹን ታሪክ ጨርሺዋ! ጨጓራቸው ተነፍቶ ነው የተገኘው። የጨጓራን መውጫ ላላ በል የሚለው ይኸው ጋዝ ነዋ፤ እሱ ሲጠፋ ምግቡ እዚያው ይከማቻል። ወንዶቹ ደግሞ ጠበኛ ሆነው አረፉት። ደግሞስ የትኛውን ኢንዛይም ነው የምትዘጊው? ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፣ ሦስቱም ጋዙን የሚሠሩት አርጂኒን ከሚባል አሚኖ አሲድ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለው ደም ሥር ያሰፋል። እሱን ያጡ አይጦች በስትሮክ የባሰ ተጎድተዋል። አንዱን ስትመቺ ሌላውን እንዳታገኚው!

ከሳሽ፦ ጨጓራውን መዝለሌ ልክ አልነበረም፣ እሺ። ግን እነሱ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ኢንዛይሙ የኖሩ ናቸው። እኔ የምለው ለጥቂት ሰዓት ነው። ኢንዛይሙን ራሱን መንካትም አያስፈልግም፤ ከበሩ ጋር ያሰረውን ፒኤስዲ-95 የተባለ ፕሮቲን ማላቀቅ ይበቃል። ኔሪኔታይድ የሚባለው መድኃኒት የተሠራው ለዚህ ነው።

ጠበቃ፦ ጎሽ፣ ራስሽ አነሳሽው። 2020 ላይ በ1105 ሕመምተኞች ተሞከረ። በጥቅሉ ከማስመሰያው መድኃኒት አልተሻለም።

ከሳሽ፦ በጥቅሉ! የረጋ ደም የሚያሟሟውን አልቴፕሌዝ ያልወሰዱትን ለይተህ እይ፤ እነሱ ላይ ጥሩ ምልክት ነበር። አልቴፕሌዝ የሚያስነሳው ፕላዝሚን ኔሪኔታይድን ይቆራርጠዋል።

ጠበቃ፦ እሱም ተሞክሯል እኮ። እነዚያን ብቻ ይዘው እንደገና ሠሩት። 2025 ላይ የታተመው ውጤት ያው ነው፣ ለውጥ የለም።

ከሳሽ፦ መድኃኒቱ ወደቀ እንጂ ክሱ አልወደቀም። የአይጡ ስትሮክ መቼ እንደጀመረ በደቂቃ ይታወቃል። ሰው ግን ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት አፉ ተጣሞ ይነሳል። ካልሲየሙ ስንት ሰዓት ላይ እንደገባ ማን ያውቃል?

ጠበቃ፦ ታዲያ እኔ ምን አልኩ?